አንገት ላይ ወይስ ጣሪያ ሥር?

አንገት ላይ የሚጠለቅ አየር ማጽጃ አለ። ከፊት ለፊቱ ክፍት የሆነ ቀለበት ነው። ውስጡ ትንሽ ማራገቢያ፣ ባትሪና አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያወጡ ጥቃቅን የኤልኢዲ አምፖሎች አሉት። ማራገቢያው በዙሪያችሁ ያለውን አየር ይስባል። አየሩ አምፖሎቹ ባሉበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ያልፋል። ከዚያ በአገጫችሁ ሥር ወጥቶ ወደ አፍና አፍንጫችሁ ይነፍሳል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ቫይረሱ ሳንባችሁ ሳይደርስ በብርሃን ይሞታል፤ እናንተም ፊታችሁን ሳትሸፍኑ ሰው መሃል ቁጭ ብላችሁ ትጫወታላችሁ።

ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ይህን ዕቃ ለእናቱ ሊልክ አስቦ ደወለልኝ። «አንቺ የሆስፒታል መሣሪያ ትጠግኛለሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ፣ ይሠራል?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። አክስቴ ኩላሊት ተተክሎላቸዋል። የሰጧቸው ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ሰውነታቸው የተተከለውን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ እንዳይዋጋው በየቀኑ መድኃኒት ይወስዳሉ። መድኃኒቱ የሚሠራው የመከላከል አቅማቸውን ዝቅ በማድረግ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢከተብም ከክትባቱ የሚያገኘው ጥበቃ ከሌላው ሰው ያነሰ ነው። እኛን ሁለት ሦስት ቀን አስነጥሶን የሚሄድ ጉንፋን እሳቸውን አልጋ ሊያስይዝ ይችላል።

ኮሮና ለብዙዎቻችን ያለፈ ወሬ ነው። ለአክስቴ ግን አላለፈም። ለክትትል ሲሄዱ ተራ የሚጠብቁበት ክፍል በሚያስል ሰው የተሞላ ነው። ቅዳሴ አለ። ማኅበር አለ። ከሁሉም በላይ ለቅሶ አለ። «እኔ የሰው ለቅሶ ካልደረስኩ የእኔን ማን ይደርሳል?» ይላሉ። ማስክ አድርገው ሲሄዱ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ሰው «ምን ሆነው ነው?» እያለ ያያቸዋል። አንዳንዱም በሽታው ያለባቸው እሳቸው መስሎት ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ልጃቸው ፊት የማይሸፍን ነገር ሲያገኝ መጓጓቱ አይገርመኝም። እኔም ጓጉቼ ነበር። ለዚህም ነው ነገሩን ከሥሩ ማየት የፈለግኩት።

ከብርሃኑ እንጀምር። አልትራቫዮሌት ሦስት ዓይነት ነው፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይባላሉ። ኤ እና ቢ ከፀሐይ ወጥተው እኛ ዘንድ ይደርሳሉ። ቆዳ የሚያጠቁሩትም የሚያቃጥሉትም እነሱ ናቸው። ሲ የሚባለውን ግን ከላይ የኦዞን ሽፋን ይዞ ያስቀረዋል። ተሕዋስያንን ለመግደል በአምፖል የምናመነጨው ይህንኑ ነው። የቫይረሱን ወይም የባክቴሪያውን ዘረመል ያበላሻል። ዘረመሉ የተበላሸ ቫይረስ ሳንባ ቢገባም መባዛት አይችልም።

እኔ በሥራዬ የማውቀው የሜርኩሪ አምፖሉን ነው። የቲቢ ናሙና በሚሠራባቸው አንዳንድ የላቦራቶሪ ካቢኔቶች ውስጥ ይገኛል። ዋናው ብርሃኑ በሞገድ ርዝመት 254 ናኖ ሜትር ላይ ነው። ሲበራ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ገዳዩ ብርሃን ግን ዓይን አያየውም። ሰዎች ሰማያዊውን አይተው «ይሠራል» ይላሉ። አምፖሉ ሲያረጅ ወይም አቧራ ሲለብስ ሰማያዊው እንደነበረ ይቀጥላል፣ ገዳዩ ብርሃን ግን ይደክማል። መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በመለኪያ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ብርሃኑ ሰው ላይም ይጨክናል። ዓይን ላይ ካረፈ ከሰዓታት በኋላ ዓይን ይቀላል፣ ይቆረቁራል፣ ያነባል። ብየዳ ያለ መነጽር ያየ ሰው ሕመሙን ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በኮሮና ወቅት የአልትራቫዮሌት መብራት እጅና ቆዳ ላይ አታብሩ ብሎ ያስጠነቀቀውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስለዚህ አንገት ላይ የሚጠለቀው መሣሪያ አምፖሎቹን ደብቆ መያዝ አለበት። ይህ የሚቻል ነው። አስቸጋሪው ነገር ጊዜ ነው።

ብርሃን ተሕዋስያንን የሚገድለው በመጠን ነው። መጠኑ የብርሃኑ ጥንካሬና ብርሃኑ ያረፈበት ጊዜ ሲባዙ ነው። በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ብሬነር የሚመራው ቡድን በ2020 ያወጣው ጥናት ጥሩ መነሻ ይሰጠናል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቡድኑ የተጠቀመው 222 ናኖ ሜትር የሆነ ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን የቆዳን የሞተ ላይኛ ሽፋንና የዓይንን እንባ አልፎ ብዙም ዘልቆ ስለማይገባ፣ ሰው ባለበት ክፍል ለማብራት ተስፋ የተጣለበት ነው። ተመራማሪዎቹ ጉንፋን የሚያስይዙ ሁለት የኮሮና ዝርያዎችን አየር ላይ በትነው አበሩባቸው። 99.9 በመቶውን ለማጥፋት የበቃው በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ1.2 እስከ 1.7 ሚሊጁል ብቻ ነበር። ይህን ወደ ክፍል ስንቀይረው፣ ያኔ ለሰው ተፈቅዶ በነበረው ጥንካሬ ሲበራ 90 በመቶውን ለማጥፋት 8 ደቂቃ ገደማ፣ 99.9 በመቶውን ለማጥፋት ደግሞ 25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

25 ደቂቃ። አንገት ላይ ያለው መሣሪያ ስንት ጊዜ አለው?

ተቀምጦ ያረፈ አዋቂ ሰው በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ገደማ አየር ያስገባል። ሲስብ ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ሊደርስ ይችላል። ደረጃ ሲወጣ ወይም ታክሲ ለመያዝ ሲሮጥ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። መሣሪያው ይህን ሁሉ አየር አጽድቶ ማቅረብ አለበት። የአምፖሎቹ ክፍል 100 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። አንገት ላይ ለሚውል ዕቃ ይህ ትልቅ ነው። እንዲያም ሆኖ አየሩ እዚያ ውስጥ የሚቆየው የሰከንድ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። 25 ደቂቃን በሰከንድ አንድ አምስተኛ ለመተካት ብርሃኑ 7,500 ጊዜ መጠንከር አለበት።

አይቻልም እያልኩ አይደለም። ክፍሉ ዝግ ስለሆነ ብርሃኑን ማጠንከር ይቻላል። ግድግዳውን ብርሃን በሚመልስ አልሙኒየም ብትሸፍኑት አንዱ ጨረር ደጋግሞ ይሠራል። ግን ሁሉም ነገር ዋጋ አለው። ተሕዋስያን የሚገድሉት ኤልኢዲዎች ከሚወስዱት ኃይል ብርሃን የሚያደርጉት ጥቂት መቶኛውን ነው። ቀሪው ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ የሚወጣው ደግሞ አንገታችሁ ላይ ነው። ብርሃን ሲጨመር ባትሪው ይከብዳል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። 222 የሚባለው ብርሃን ደግሞ ዛሬ በዋናነት የሚገኘው ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚፈልግ የጋዝ አምፖል ነው። ጣሪያ ላይ ለመስቀል ይመቻል፤ አንገት ላይ ለማጥለቅ አይመችም።

ለእኔ ትልቁ ችግር ግን ይህም አይደለም። በመሣሪያው ውስጥ ያለፈው አየር ፍጹም ንጹሕ ሆነ እንበል። አየሩ ከአገጭ ሥር ወጥቶ አፍንጫ እስኪደርስ የሚያልፈው በክፍሉ አየር ውስጥ ነው። እዚያው ይቀላቀላል። ራሳችሁን ስታዞሩ ይስታችኋል። በር ሲከፈት ነፋሱ ይወስደዋል። አፍንጫ ደግሞ አየር የሚስበው ከፊት ብቻ አይደለም፤ ከየአቅጣጫው ነው። ከምትስቡት አየር ግማሹ ከመሣሪያው፣ ግማሹ ከክፍሉ ቢሆን ጥበቃችሁ ግማሽ ነው። መሣሪያው ውስጡ የገባውን ቫይረስ 99.9 በመቶ ቢገድል እንኳ ይህ አይቀየርም። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር የሚናገረው በመሣሪያው ውስጥ ስላለፈው አየር ነው። አክስቴ የሚያስፈልጋቸው ግን አፍንጫቸው ጋ የሚደርሰውን አየር የሚነግራቸው ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ልትገዙ ስታስቡ ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት። «ሰው ለብሶት፣ ክፍት ክፍል ውስጥ፣ አፍንጫው ጋ ተለክቷል ወይ?» በሉት። መልስ ከሌለው ብራችሁን ያዙ።

ሰው የሚለብሰው መሣሪያ ገበያ በትልልቅ ቃላት ተጎድቷል። ሬዘር የተባለው የኮምፒውተር ጌም ዕቃ አምራች በ2021 ዜፊር የሚል ማራገቢያ ያለው ማስክ አውጥቶ ነበር። በአልትራቫዮሌት ሳይሆን በማጣሪያ የሚሠራ ነው። ኤን95 የሚባለው፣ ጥቃቅን ብናኝ የሚይዙ ማስኮች ተፈትነው የሚያገኙት ደረጃ እንዳለው ተደርጎ ተዋወቀ። ደረጃውን ለሚሰጠው የመንግሥት ተቋም ግን ለፈተና አልቀረበም ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን ይዞ በ2024 ኩባንያው ከ1.1 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል አደረገ። ብዙ ሰው በዚያ ማስክ ተማምኖ ሰው የበዛበት ቦታ ገብቶ ይሆናል። ያበሳጨኝ እሱ ነው። ጤና ላይ ያለ ልክ ቃል መግባት ሰውን ያለ ጋሻ ጦር ሜዳ መላክ ነው።

በአንጻሩ ተራው ኤን95 ማስክ ባትሪ የለውም፣ አምፖል የለውም፣ አይሞቅም። ለማጣራት በጣም አስቸጋሪ ከሆኑት 0.3 ማይክሮን ገደማ ከሆኑ ብናኞች ቢያንስ 95 በመቶውን ይይዛል። ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ በጎን አየር አያስገባም። በናፍጣ ጭስ ውስጥ ያለውን ብናኝም ይይዛል፤ አልትራቫዮሌት ጭስን ምንም አያደርገውም። ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት የመጀመሪያ መልስ አጭር ነበር። ሆስፒታል ሲሄዱና ታክሲ ሲሳፈሩ ኤን95 ያድርጉ፤ የአንገቱን ዕቃ ተወው አልኩት።

እሱ ግን አልተዋጠለትም። «ለቅሶ ቤትስ? ሌሊቱን ሁሉ ማስክ አድርገው ሊያድሩ ነው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ፣ ወደ ፊላደልፊያ መሄድ ነበረብኝ።

ዊልያም ዌልስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1930ዎቹ አንድ ነገር አስተዋለ። ስናወራና ስናስል ከአፋችን ከሚወጡት ጠብታዎች ትልልቆቹ መሬት ይወድቃሉ። ትንንሾቹ ግን ሳይወድቁ በፊት ይደርቃሉ። የደረቀው ቅንጣት በጣም ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ክፍሉ ውስጥም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ዌልስና ባለቤቱ ሐኪሟ ሚልድረድ ዌልስ በፊላደልፊያ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች ከልጆቹ ራስ በላይ አልትራቫዮሌት መብራት አስገቡ። በ1941 ኩፍኝ ሲገባ መብራት ባለባቸው ክፍሎች የታመሙት ልጆች ከሌሎቹ በጣም ያነሱ ነበሩ። ኩፍኝ እኮ ከበሽታዎች ሁሉ በመተላለፍ የሚታወቅ ነው፤ ቫይረሱ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል።

ከዚያ በኒውዮርክ ግዛት በሌሎች ትምህርት ቤቶች ሙከራው ተደገመ። ውጤቱ እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ተጠብቀው በትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥና ከትምህርት ውጪ እየተገናኙ በሽታውን እርስ በርስ ያስተላልፉ ነበር። መብራቱ ባለበት ቦታ ይሠራል፤ ሰው ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም። አንገት ላይ የሚጠለቀው ዕቃ ያለው ትልቁ ክርክር ይህ ነው፤ እውነትም አለው። ጥበቃው ሰውየውን ተከትሎ አውቶቡሱ ውስጥ ይገባል። እኔ ይህን ክርክር አልጥለውም። ማስክ ማድረግ የማይችሉ፣ ሳንባቸው የደከመ ሰዎች አሉ። ንግግርን ከከንፈር የሚያነቡ መስማት የተሳናቸው ሰዎች አሉ። አንድ ቀን አየሩን በትክክል አፍንጫ ጋ የሚያደርስ፣ በገለልተኛ ተቋም የተፈተነ መሣሪያ ቢመጣ የመጀመሪያዋ ደስተኛ እኔ ነኝ።

ግን የዌልስ ታሪክ በአውቶቡሱ አላበቃም። ተማሪው ሪቻርድ ራይሊ ባልቲሞር ውስጥ ከቲቢ ሕሙማን ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ ወደ ጊኒ ፒጎች አደረሰው። እንስሳቱ በቲቢ ተያዙ። ቲቢ በአየር እንደሚተላለፍ በማያሻማ መንገድ የታየው ያኔ ነው። ሌሎች እንስሳት ጋ የሚሄደው አየር ግን መጀመሪያ በአልትራቫዮሌት እንዲያልፍ ተደረገ። እነሱ አልተያዙም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊማ፣ ፔሩ ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ ተሠራ። በ2009 በወጣው ውጤት መሠረት፣ መብራት ሳይኖር ከእንስሳቱ 35 በመቶው በቲቢ ሲያዙ፣ ጣሪያ ሥር መብራት ሲበራ 9.5 በመቶ ብቻ ተያዙ።

የጣሪያ ሥር መብራት አሠራሩ ጊዜ አለው፤ የአንገቱ ዕቃ የሌለው ነገር ይህ ነው። መብራቱ ከ2.1 ሜትር በላይ ይሰቀላል። ብርሃኑ ወደ ታች እንዳይወርድ በቀጫጭን ክዳኖች ተከልሎ ጣሪያው ሥር ብቻ አግድም ይሄዳል። ከሰው አፍ የሚወጣው ትንፋሽ ይሞቃል። የሞቀ አየር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ ብርሃኑን ያገኛል፣ ቫይረሱ ይሞታል፣ አየሩ ተመልሶ ይወርዳል። ቀስ ብሎ የሚዞር የጣሪያ ማራገቢያ ሲጨመር ሥራው ይፋጠናል። ሰው ምንም መልበስ የለበትም። የሚያለቅሰውም፣ የሚያዜመውም፣ የሚያስለውም አንድ ላይ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ የሚለየው ትልቁ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የአንገቱ ዕቃ የሚያጸዳው አክስቴ የሚስቡትን አየር ብቻ ነው። ጎናቸው የተቀመጡት አዛውንት የሚስቡት እንደነበረ ነው። አክስቴ ራሳቸው ቢያስሉ ከአፋቸው የሚወጣው ወደ ክፍሉ ይሄዳል። አየር ግን የጋራ ነው። አንዱ ያወጣውን ሌላው ይስባል። ማንም ለብቻው ሊያጥረው አይችልም።

ይህን በኮሮና ጊዜ ዘግይተን ነው የተረዳነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ሰው መገኘቱ ሲነገር ሁላችንም ወደ ውኃና ሳሙና ሮጥን። በየሱቁ በር ቧንቧ የተገጠመለት ጄሪካን ተቀመጠ። የታክሲ ረዳት ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት እጃችን ላይ አልኮል ይረጭ ነበር። በዚያው ወር የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮና በአየር አይተላለፍም የሚል መልእክት በትዊተር አሰራጨ። በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ ደግሞ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ 61 ሰዎች ለመዘምራን ልምምድ ተሰብስበው ነበር። ከእነሱ 53ቱ ታመዋል ተብሎ ተመዘገበ፤ ሁለቱ ሞቱ። ልምምዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የፈጀው። ከወራት በኋላ 239 ሳይንቲስቶች በይፋ ደብዳቤ «ይህ በሽታ በአየርም ይተላለፋል፣ እወቁት» ብለው ጻፉ። እኔ ያንን ዜና ሳነብ ወዲያው ያሰብኩት ማኅሌትን ነበር። ሌሊቱን ሙሉ፣ ተቀራርቦ፣ በሙሉ ድምፅ።

የሚያስቆጨኝ መድኃኒቱ በከፊል በእጃችን መሆኑ ነው። ሊማ ውስጥ በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት ነበር። ከፍ ያለ ጣሪያና ሰፋፊ መስኮት ያላቸው የድሮ ሆስፒታል ክፍሎችን ከዘመናዊዎቹ ጋር አወዳደረ። በርና መስኮት ሲከፈት አየሩ በሰዓት 28 ጊዜ ይለወጥ ነበር። በማሽን አየር የሚለወጥባቸው ክፍሎች 12 ላይ ነበሩ። መስኮት በነጻ ነው። እኛ ግን መስኮት እንፈራለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ብርዱ እውነት ነው። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ከኋላ «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ መታን!» ይባላል። ክረምት ሲሆን ክርክሩ ጠብ ይሆናል። ብርድ የፈራውን ሰው አልወቅስም። የአስም በሽተኛ ልጅ የያዘች እናት ብትዘጋው አይፈረድባትም። ግን አገራችን በዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በዚያ የተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ የሚዞረው ነገር ከብርዱ የባሰ ሊሆን ይችላል። ክረምት ላይ መስኮት የማይከፈትበት ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ የጣሪያ ሥር ብርሃን ቦታ የሚያገኘው።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ በድምፅ መልእክት ላክሁለት። ረጅም ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሰምቶታል። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቅኩት። «የአንገቱን ዕቃ ገንዘብ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ አድርገው» አልኩት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከትንፋሻችን ይወጣል። ውጭ አየር ላይ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 420 ገደማው እሱ ነው። ሰው በተሞላ ዝግ ክፍል ውስጥ በፍጥነት ይወጣል። ቁጥሩ ሲወጣ የሌላውን ትንፋሽ እየሳብን ነው ማለት ነው። ቫይረስን አይለካም፤ የት መስኮት እንደሚያስፈልግ ግን ያሳያል። አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ መለኪያዎች ያሉበት ከፍታ ካልተነገራቸው እንደ አዲስ አበባ ባለ ቦታ ቁጥሩን አሳንሰው ያሳያሉ። ብዙዎቹ ከፍታ የሚሞላበት ቦታ ስላላቸው መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

መለኪያው መጣ። የሰፈራችን እድር አዳራሽ አስገባሁት። አዳራሹ ለስብሰባም፣ ዝናብ ሲከብድ ለለቅሶም ያገለግላል። መስኮቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ግማሾቹ በቀለም ተጣብቀው አይከፈቱም። ሰው ሞልቶ በሩ ሲዘጋ ቁጥሩ ሽቅብ ሄደ። በሩን ከፍተን፣ ሁለት መስኮት በመፍቻ አላቅቀን ስንከፍት ወረደ። ሽማግሌዎቹ ቁጥሩን በዓይናቸው ሲያዩ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም። አንድ የእድሩ ዳኛ «ለድንኳን አዋጥተናል፣ ለወንበር አዋጥተናል፣ ለአየሩ የማናዋጣበት ምክንያት ምንድን ነው?» አሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ አላልኩም።

አሁን እየተነጋገርን ያለነው ጣሪያ ሥር ስለሚሰቀለው መብራት ነው። ቀላል አይደለም። አንደኛ ጣሪያው በቂ ቁመት ሊኖረው ይገባል፤ ካልሆነ ብርሃኑ የቆመ ሰው ዓይን ላይ ያርፋል። ከተሰቀለ በኋላ ሰው ራስ አካባቢ ብርሃኑ ከሚፈቀደው በላይ አለመሆኑን የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። መለኪያው ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። አምፖሉ 9,000 ሰዓት ገደማ ያገለግላል፤ ሳይጠፋ ቢበራ አንድ ዓመት ያህል ነው። አቧራው በአልኮል መወልወል አለበት፣ መብራቱ ጠፍቶ። ሽንት ቤቱን ለማጽዳት ሰው እንደመደብነው ለዚህም ሰው ካልመደብን ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከተጠራጠርን ደግሞ ገዝተን ከመስቀል መስኮቶቹን ሁሉ ማስከፈትና ሁለት የጣሪያ ማራገቢያ ማስገባት ይሻላል፤ እሱን ለኮሚቴው በግልጽ ተናግሬያለሁ።

አክስቴ እስከዚያው ኤን95 አላቸው። ሆስፒታል ሲሄዱ ያደርጉታል። ለቅሶ ሲሄዱ ድንኳን ከሆነ አየር በሚገባበት በመግቢያው በኩል ይቀመጣሉ። የሚያውቋቸው ሰዎችም ያንን ቦታ ይለቁላቸዋል። አዳራሽ ከሆነ ገብተው፣ አልቅሰው፣ ቶሎ ወጥተው በረንዳ ላይ ይቆያሉ። «እናንተ መብራቱን እስክትሰቅሉ እኔ በረንዳ ላይ እለምዳለሁ» ይሉኛል። ለሚቀጥለው የእድር ስብሰባ የአዳራሹን ጣሪያ ቁመት ለክቼ፣ የትኞቹ መስኮቶች እንደሚፈቱም ከአናጺው ጋር አይቼ እንድቀርብ ታዝዣለሁ።